ስምንተኛውን አያት ስለጨመሩልን

ይድረስ ለክቡር አቶ ተክለብርሃን፣ የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እግዚአብሔር ሲፈቅድ እርስዎም ሲፈቅዱ የልጄ የረድኤት አማት ለሚሆኑት፤
ገርጂ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎ ትንፋሽ ሁሉ ደህና ይሁንልኝ። ይህን ደብዳቤ መግቢያው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም። እርስዎ የእኛን ዘር ጉዳይ በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ከውሃ ፈረቃው ማስታወቂያ ቀጥለው ስላነሱት፣ ምስጋናውም ሰው ፊት ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።

ላልሰማ ጎረቤት ነገሩ እንዲህ ነው። የእርስዎ ኢዮስያስና የእኔ ረድኤት ሊጋቡ ተስማሙ። በደንቡ ሽማግሌ ይላካል፣ አባት ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል፤ እርስዎ ግን ሥራ ስለሚወዱ ራስዎም አብረው መጡና ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ። በአባቴ በላጲሶ በኩል ሆሳዕና ያሉት አጎቶቼ ሳይተነፍሱ ቆጠሩ። በእናቴ በኩል ግን የሚቆጥርልን ሰው አልነበረም። እናቴ በልጅነቷ ከጎንደር ከወለቃ የወጣች ቤተ እስራኤል ናት፤ ወገኖቿ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ ማን እንደተረፈ፣ ማን መንገድ ላይ እንደቀረ ሳታውቅ አርባ ዓመት አለፋት። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ።

1ኛ. «የሸክላ ሠሪ ዘር ሳይጣራ ሠርግ የለም» ስላሉ አመሰግናለሁ። ይህን ባይሉ እኛ መች እንፈልግ ነበር? እናቴ ወንድሟን ጥላዬን ሞቷል ብላ እርሟን አውጥታ ተቀምጣ ነበር።

2ኛ. እናቴ በደረጃው ስታልፍ የልጅ ልጅዎን ፊት በጃኬትዎ ስለሚሸፍኑ አመሰግናለሁ። ሰው ጉንፋን ፈርተው ነው ሲል እኔም እንደዚያው እላለሁ። እናቴ ግን ገብቷታል፤ ከዚያ ወዲህ ልጁ ሲጫወት ከሰማች በር አትከፍትም።

3ኛ. ፍለጋችን ሲዘገይ ሠርጉን «ላልተወሰነ ጊዜ» ብለው፣ ልክ እንደ ሊፍቱ ጥገና ስላራዘሙት አመሰግናለሁ። ጥላዬ የሚባል ሰው ፌስቡክ ላይ ብናፈላልግ የለም። ለካ እዚያ ሲገቡ ስም ይቀየራል፤ እሳቸው ኤልያሁ ተብለዋል። ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ወዳጄ ሀቢባ፣ ወሎዬ ናትና ነገር ታውቃለች፣ ስሙን ተዪው፣ የሠራውን ጥፋት ጻፊ አለችኝ። ረድኤት ጻፈች፦ በልጅነቱ የእህቱን ገንቦ ወንዝ ዳር ሰብሮ፣ ቁጣ ፈርቶ በቅል ውሃ እየቀዳ ሲመላለስ የዋለ ጥላዬን የምታውቁ። በሳምንቱ የልጅ ልጃቸው መለሰች፤ አያቷ ይህን ሲነግሯት ነው ያደገችው።

በቪዲዮ ተገናኙ። እኔ ልቅሶ ይሆናል ብዬ መሐረብ ይዤ ነበር። እናቴ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየቻቸውና «አንተ፣ ገንቦዬን የት ጣልከው?» አለች። ሽማግሌው ሳቁ፤ ከዚያ ነው ሁላችንም ያለቀስነው።

4ኛ. ትልቁ ምስጋናዬ ይህ ነው። ሽምግልናው ዕለት ሰባት ቤት ተብሎ ሳለ፣ እርስዎ ማን ከለከለኝ ብለው ስምንተኛ ጨመሩ። ከኢዮስያስ ስምንተኛው አያቱ አዳሙ ባለመዶሻው፣ በግራ እጁ ድንጋይ የሚጠርብ፣ የጎንደርን ቤተ መንግሥት የጠገነ ግንበኛ ነው ብለው ሽማግሌዎቹን አስደነቁ። አጎቴ ጥላዬም ከረድኤት ጀምረው ሲቆጥሩልኝ ስምንተኛው ላይ ደርሰው አዳሙ ባለመዶሻው፣ ግራኙ፣ የወለቃው አሉኝ። በሰባተኛው ከሆነ የልጆቹ ነገር አበቃ። እንደገና ይቁጠሩልኝ አልኳቸው። በጣቴ ያዝኩ። ስምንተኛ ነው።

አዳሙ ሁለት ወንዶች ነበሩት። አንደኛው ርስት ለማግኘት ክርስትና ተነሣ፤ እርስዎ የእሱ ነዎት። ሁለተኛው በአባቱ ሃይማኖት ጸንቶ ያለ መሬት ቀረ፣ ሚስቱም ሸክላ ሠራች፤ እኛ የእሱ ነን። ስለዚህ በራስዎ ደንብ ሰባቱ ቤት ንጹሕ ነው፣ ጋብቻው ይፈቀዳል። ስምንተኛው ቤት ደግሞ የጋራችን ነው፤ እንኳን ደስ አለን።

አጎቴ ለሠርጉ ቲኬት ቆርጠዋል። በሰንበት ስለማይጓዙ ሐሙስ ቦሌ ይገባሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል፣ «ላልተወሰነ ጊዜ» የሚባለውን አይችሉትም። የሥጋ ዘመድ ስለሆኑ ከእኛ ጋር ቆመው ቢቀበሏቸው፣ ቀኑንም እዚያው ቢነግሯቸው ደስ ይለናል።

ይህን ያህል ዓመት የአንድ ደረጃ ጎረቤትዎ ሆና ዘመድዎ መሆኗን ባለማወቋ ተገቢውን አክብሮት ያጓደለችብዎ፣ ከእንግዲህ ግን ጠዋትና ማታ ጋሼ እያለች የምትክስዎ፣
ብርነሽ ላጲሶ

ማሳሰቢያ፦ ቡዳ በዘር ይወርዳል ብለው ለጥበቃው ነግረውት ነበር። እርስዎ ያሉት እውነት ከሆነ፣ ለጤናዎ ስለምሳሳ፣ ጠዋት ጢምዎን ሲላጩ መስታወቱን በጃኬትዎ ይሸፍኑት።