ከባዱን ዘንግ ያስቀመጥኩበት መኸር

ሴፕቴምበር 12፣ ሐሙስ

ጠዋት የአጥሩን በር አጠበቅኩ። ምሳ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ። ከሰዓት ሐይቅ ወረድኩ። ምንም አልያዝኩም።

ዓሣ ጠፍቶ አይደለም... ነክሰው ሄደዋል፤ አላየሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠመድኩት በዓይኔ ነው። ክሩ ውሃው ላይ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፣ መንጠቆው እንዲገባ ዘንጉን መንጭቄ እመታለሁ። አሁን የሚታየኝ ዳር ዳሩ ብቻ ነው። መሐሉ ጭጋግ። ሐኪሙ "የሄደው አይመለስም" አለኝ። ይህን ለመናገር ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረው?

እራት ላይ ሚስቴ ኦፓል ጀመረች።

"ካላጠመድክበት ጀልባው ምን ይሠራል? ዴልማር ይግዛው። እኛም ልጃችን ዘንድ ከተማ እንግባ።"

"ከሞትኩ በኋላ።"

"ግትር! ከአርባ ዓመት በፊትም ይህንኑ ነበር የምትለው።"

በመጨረሻ ተስማማን። እስከ ኦክቶበር አጋማሽ አንድ ባስ የሚባለውን ዓሣ በራሴ እጅ ከያዝኩ ጀልባው ይቆያል። ካልያዝኩ ይሸጣል። ቃሌን እንደማላጥፍ ታውቃለች። በዚህ ነው የያዘችኝ።

ሴፕቴምበር 14፣ ቅዳሜ

ጎረቤቴ ዴልማር አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲመክረኝ አረፈደ።

"ቀላል ዘንግ ያዝ። የክር መጠቅለያው መዘውር ከስር የሚንጠለጠለውን። መንጠቆው ላይ ትንሽ የላስቲክ ትል፣ ማስመጫ ትንሽ የእርሳስ ክብደት፣ በቃ።"

"እሱ የልጆች መጫወቻ ነው።"

"ልጆቹ እኮ ዓሣ ይዘው ይመለሳሉ፤ አንተ ባዶህን።"

ሂድ ወደ ቤትህ አልኩት። ጀልባዬን ሊገዛ የሚፈልግ ሰው ለምን ይመክረኛል? ጥሩ ሰው ስለሆነ ነው... ይህም ያናድዳል።

ሴፕቴምበር 17፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ በከባዱ ዘንግ። የመጥረጊያ እንጨት የያዝኩ ያህል። ባዶ።

ሴፕቴምበር 23፣ ሰኞ

ማጥመጃ ዕቃ የምትሸጠው ኔልዳ ሱቅ ሄድኩ። መኪናውን ኦፓል ነዳች። ማየት ብቻ ነው ብያት ነበር።

ዘንግ ስሜት ማስተላለፉን እዚህ አገር የሚለዩበት መንገድ አለ። አንድ ሰው የዘንጉን ጫፍ ጉሮሮው ላይ አስደግፎ ያወራል። ገዢው እጀታውን ይዞ፣ ድምፁ መዳፉ ድረስ መምጣት አለመምጣቱን ያዳምጣል። ሰዎች ሲያደርጉት እያየሁ ስስቅ ኖሬአለሁ።

ኔልዳ የመጀመሪያውን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ስለ ዝናቡ አወራች። ምንም። ሁለተኛው ትንሽ ነዘረኝ፤ ይሄ ይሁን አልኩ። እሷ ግን መልሳ ሰቀለችው።

"ሚስተር ሃስኬል፣ ይሄ ድርቅ ያለ ነው። ጫፉ ካልታጠፈ ያቺን ቀላል ትል ማን ይወረውርልዎታል? ወገቡ ደግሞ ልል ከሆነ መንጠቆው አይገባም። ጫፉ ለስላሳ፣ ወገቡ ጠንካራ መሆን አለበት።"

ሦስተኛውን ኦፓል ነጠቀቻትና ጫፉን የራሷ ጉሮሮ ላይ አደረገች።

"ይሄ ሽማግሌ መቼም እሺ አይል" አለች።

እጄ ውስጥ ገባ። ቃሉ አይደለም... ድምፁ። ንብ መዳፌ ውስጥ የተዘጋች ይመስል።

"ድገሚው።"

"ምኑን?"

"የፈለግሽውን።"

የእሁድ መዝሙር በቀስታ ጀመረች። ድምፁ ሲወጣ እጀታው ላይ ወጣ፣ ሲወርድ ወረደ። ይህን ድምፅ ሃምሳ አንድ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ይዤው ግን አላውቅም ነበር። እስክትጨርስ ቆምኩ። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፤ ይሰለፍ።

ገዛሁት።

ሴፕቴምበር 28፣ ቅዳሜ

ትሏን ጥልቁ ላይ ጣልኳት። ወለሉ እስክትደርስ ጠበቅኩ። ዓይኔን ጨፍኜ በቀስታ ጎተትኩ።

ጠጠር። እያንዳንዱ ለብቻው ቆረቆረኝ። ቀጥሎ ጭቃ፣ እንደ ቅቤ ለስላሳ። ቀጥሎ እንጨት... ይይዛል፣ ይለቃል። አምላኬ ሆይ! እዚህ ሐይቅ ላይ አርጅቼ የማውቀው ፊቱን ብቻ ነበር። እዚያ ታች፣ በጨለማው ውስጥ፣ ይህ ሁሉ ነበር?

ከዚያ ጠቅ... ጠቅ።

በሁለት እጄ፣ ከትከሻዬ በላይ መታሁ። ክሩ ተበጠሰ።

"በሬ ነው እንዴ የምትጎትተው?" አለች ጀልባው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ኦፓል።

በከባድ ዘንግ ያረጀ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው። ከባዱ ዘንግ ካልመቱበት አይይዝም። ቀጭን ክርና ትንሽ መንጠቆ ግን ምት አይወዱም። ኔልዳ ነግራኝ ነበር። ክሩን አስሬ እንደገና ጣልኩ። እንደገና መታሁ። እንደገና በጠስኩ። እጄም እንደ ባለቤቱ ግትር ነው።

ኦክቶበር 2፣ ረቡዕ

ጓሮ ውስጥ ልምምድ። ኦፓል የክሩን ጫፍ ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስትነካው ሳልመታ ዘንጉን ከፍ አድርጌ መዘውሩን ማዞር ነው ሥራዬ።

"ነከስኩህ።"

"አልነከስሽም።"

"ነከስኩህ እኮ! ተኝተሃል።"

ዴልማር ከአጥሩ ማዶ በሳቅ ሊሞት ነው። ይሳቅ።

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

ያዝኩ።

ጠቅ የሚል ነገር እንኳን አልነበረም። ትሏ ከበደች... እርጥብ ቅጠል ያረፈባት ያህል። ድሮ ቢሆን አላውቀውም ነበር። ክንዴ ሊመታ ተነሳ፤ ከለከልኩት። ዘንጉን በቀስታ ከፍ አደረግኩ፣ መዘውሩን አዞርኩ። ያ ቀጭን ነገር እስከ ወገቡ ጎበጠና ነፍስ ዘራ። ዓሣው ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ እያንዳንዷን ቆጠርኩ ማለት ይቻላል። ሳላየው ወዴት እንደሚዞር አወቅኩ። እንዴት ይሆናል ይህ? ከዚያ ጥልቀት፣ በዚያች ክር?

ባስ ነው፤ ትልቅ አይደለም። ለቀቅኩት።

"ዴልማርን ማን ይንገረው?" አለች ኦፓል።

"አንቺ።"

"አንተው ንገረው፤ ይጣፍጥሃል።"

ስንመለስ ጀልባውን እየነዳሁ የሰው የጀልባ ማቆሚያ ምሰሶ ሳልመታ ያለፍኩት ለጥቂት ነው። ኦፓል ጮኸች። እኔ ጨርሶ አላየሁትም።

ኦክቶበር 6፣ እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ስብከቱን አልሰማሁም። ጀልባው የእኔ ነው፤ ቃል ቃል ነው። ግን ብቻዬን ብሆን ኖሮ? እሷን ብገድልስ ኖሮ?

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ

ጥርት ያለ ቀን። ጀልባው ውስጥ ገብተን ለኦፓል "መሪውን ያዢ" አልኳት።

ቆማ አየችኝ።

"አሞሃል?"

"ያዢ አልኩ እኮ።"

ለማንም ሰጥቼው አላውቅም። ፊት ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቻት ተቀመጥኩ። እስክትቀመጥ ጊዜ ወሰደባት።

"ወዴት?"

"ወደፈለግሽው።"

ስታልፍ ስታገድም የምታያት፣ እኔ ግን ዓሣ የለባትም ብዬ ቆሜባት የማላውቅ ጠባብ ሰርጥ ውስጥ አስገባችን። ትሏን ጣልኩ።

"ምን አለ ከስር?"

"ጠጠር" አልኳት። "አሁን ጭቃ... አሁን ግንድ፣ ትልቅ... ቆይ። ሞተሩን አጥፊው፣ ኦፓል።"