ለጉልበቴ የተመረጠች ደሴት

ፐርሊ ኮቭ፣ ሜይን
ጁላይ 19፣ ቅዳሜ ጠዋት

የኔ ሄስተር፣

እንደምን ከርመሻል? እዚያ ዌሊንግተን ክረምት ገብቷል ብለሽኛልና ካልሲ ደርበሽ አድርጊ፤ አርባ ዓመት ሞላኝ ስላልሽ ብርድ አይፈራሽም። እኛ ደህና ነን። “ደህና ነን” ስልሽ ግን እናትሽን ታውቂያታለሽ፣ ከሥሩ ያለውን መፈለግሽ አይቀርም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። በስልክ እንዳልነግርሽ የአባትሽ ጆሮ እንደ ድሮው ንቁ ነው። አሁን ጀልባ ቤት ገብቶ ያንቺን ካያክ፣ ያቺን ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ እያጠበ ስለሆነ ለመጻፍ ጊዜ አግኝቻለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። “ኦገስት ስምንት እመጣለሁ፣ ቅዳሜና እሑድን እንደ ድሮው ደሴት ላይ እንደር፣ ደሴቱን አባዬ ይምረጥ” ያልሽውን ቦታ አባትሽ ሦስት ጊዜ አነበበው። ወረቀቱን አጥፎ ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት በታተመባት ትንሽ ደብተሩ ውስጥ ከተተው። ከዚያ የባሕር ካርታውን አውጥቶ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና፣ “ዩኒስ፣ ዛጎሌን የት አደረግሽው?” አለኝ።

አራት ዓመት ሙሉ አልጠየቀኝም ነበር። ጥቁሩን ዛጎል ከአዝራሮቼ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ አኑሬለት ነበርና አውጥቼ ሰጠሁት።

ሕጉን አልረሳሽውም መቼም። ዛጎሉ ካርታው ላይ ያረፈባት ደሴት የጉዟችን ደሴት ናት፤ ዛጎሉን ያስቀመጠ ሰው ደግሞ የአየሩም የውሃውም የሰዉም ኃላፊ ነው። በሰባት ዓመትሽ ሰርቀሽ ያስቀመጥሽ ጊዜ፣ ዝናቡ ሲወርድ “ጥፋቱ የኔ ነው” ብለሽ ድንኳን ውስጥ ያለቀስሽውን አባትሽ እስከ ዛሬ እያወራ ይስቃል።

መጀመሪያ ውጪኛዋ ደሴት ላይ አስቀመጠው። ሌላ የት ሊያስቀምጥ! ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትመላለሱባት የኖራችሁት እሷ ናት።

“ኦርሪን፣ ስድስት ማይል ክፍት ባሕር ነው እኮ” አልኩት።

“ድሮም ስድስት ነበር። ባሕሩ አልረዘመ!”

ባሕሩስ አልረዘመም። ግራ ትከሻው ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ እጁን ከጆሮው በላይ አያነሳለትም። ሸሚዙን የማለብሰው እኔ ነኝ። እሱ ሸሚዙ ጠቦ ነው ይላል፣ እኔም ጠቦ ነው እላለሁ።

በማግስቱ ዛጎሉን የበግ ደሴት ላይ አገኘሁት። እሷ እንኳ ሦስት ማይል ብቻ ናት። ከሰዓት ሲሆን ግን “እዚያ ሰው ይበዛል፣ ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ድንኳን ቆጥሬያለሁ፣ ገበያ ነው እንጂ ደሴት አይደለም” ብሎ አነሳው። የንስር ደሴት ላይ አደረገው። እዚያ ደግሞ ወፎቹ ጫጩት ስላላቸው እስከ ኦገስት አጋማሽ መውጣት ክልክል ነው፤ የክልከላውን ሰሌዳ የቸነከረው ራሱ አባትሽ ነው! ይህን ሳስታውሰው ተናደደ፣ በኔ ሳይሆን በንስሮቹ።

“ጠጠር ድልድይስ?” አልኩት እንደ ዋዛ።

መልሱን አንቺም በቃልሽ ትይዋለሽ። “በእግር የሚገባበት ደሴት፣ ደሴት ሳይሆን ግቢ ነው!” ባሕሩ ሲጎድል ጠጠሩ ብቅ ብሎ ከኛ ዳርቻ ጋር ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚያገናኛት፣ ሰዎች ውሻ ይዘው ይሻገሩባታል፤ እሱ ደግሞ ያን አይቶ ሲሳለቅባት ነው የኖረው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ባለፈው ማክሰኞ የሆነው ነው። በጠዋት ተነስቶ “ትከሻዬን ላፍታታ” የሚል ቁራጭ ወረቀት ትቶልኝ ብቻውን በካያክ ወጣ። የበግ ደሴትን ደርሶ መልስ ሊሞክራት ነበር። ደርሶም ተመልሷል፣ ክፉ አልገጠመውም፣ አትደንግጪ። ግን ደብተሯ የታተመችው በክረምት ሰዓት ነው፤ በበጋ ሰዓታችንን ስለምናስቀድም አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። የጫማውን ክር ማሰር ያልቻለ የዚህ መንደር ልጅ እንኳ ይህን ያውቃል፤ የመንደሩን እኩሌታ “አንድ ጨምሩ!” እያለ ያስተማረው አባትሽ ነው። እሱ ራሱ ሳይጨምር ወጣ።

ደብተሯ ባሕሩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጎድሎ ያበቃል ትላለች። እሱ አምስት ተኩል ላይ ስመለስ ወደባችን በቂ ውሃ ይይዛል ብሎ አሰበ። ባሕሩ ጎድሎ ያበቃው ግን አራት ሰዓት ላይ ነበርና ሲመለስ ያገኘው ጭቃ ብቻ ነው። ካያኩ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ወርዶ እንዳይራመድ ጭቃው እስከ ጭን ይውጣል። የሎብስተር አጥማጆቹ የጀልባ ማቆሚያ መድረክ ደግሞ ፊት ለፊቱ!

አጥማጁ ቨርነን ኬትስ አይቶት ይለፈው? “ካፒቴን! ድንች ልትተክል ነው ወይስ ቦታ ልትመራ?” ብሎ ጮኸ።

“አንተ የምትቀበርበትን እየመረጥኩ ነው!” አለው አባትሽ።

መድረኩ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በወጥ ቤቱ መስኮት ሆኜ ሳቅሁ። ከዚያ የሩቅ ማሳያ መነጽሩን አንስቼ አየሁት። ሰዓቱን ያያል፣ ደብተሯን ያያል፤ እንደገና ሰዓቱን፣ እንደገና ደብተሯን። ገጹን ይገልጣል፣ ይመልሳል። ከዚያ በደረቱ ኪስ ከቷት እጁን ከላይዋ አሳረፈና ውሃው እስኪመጣ ድረስ እንዲያው ተቀመጠ። እኔም መሳቄን ተውኩ።

ሲገባ የዓሣ ሾርባ አቀረብኩለት። “ደብተሯ ተሳስታለች” አለኝ። “ይሆናል” አልኩት። ዝም አይነቅዝም። ማንኪያውን ሲያስቀምጥ፣ “ለሄስተር እንዳትጽፊላት” አለ።

“ምኑን?”

“ምኑንም።”

ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። በሜይ ወር ቁልፉ ሞተሩ እየሠራ መኪናው ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ያን ማንም ያደርገዋል። ግን በጁን ወር የእህቱን ስም አጥቶ “ያቺ፣ የባንጎሯ” ብሎኛል። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው ለትከሻው መስሎት ይሁን ወይ የመሰለው ለማስመሰል፣ “ከጉዞው በኋላ” አለኝ። ቀጠሮውን ለኦገስት አሥራ ሦስት አስይዣለሁ። ብትቆዪልኝ ደስ ይለኛል። ፈርቻለሁ ሄስተር። ይኸው ተናገርኩት።

ሌላም የምነግርሽ አለ። የዛሬ አራት ዓመት እንደ ልማዱ ሊያስጎበኛቸው ስድስት እንግዶች ይዞ ወጥቶ በጉም ውስጥ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ሲመለስ፣ ወደቡ ላይ ሰው ፊት “አባዬ፣ ከእንግዲህ ሰው ይዘህ ባትወጣ ይሻላል” አልሽው። እሱ “መቅዘፊያ ያስያዝኳት ልጅ እኔን መንገድ ልታሳየኝ!” ብሎ ዞረ። እኔም እሱን ደግፌ አባትሽን አዋረድሽው ብዬ ተቆጣሁሽ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ስታወሩ ኖራችሁ። አሁን ሳስበው ያኔም ሰዓቱን ሳይጨምር ቀርቶ ይሆናል። ልክ ነበርሽ የኔ ልጅ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ይቅር በዪኝ። ብቻ ልክ መሆንሽን ለእሱ አትንገሪው።

ወደ ደሴታችን ልመለስ። ከማክሰኞ በኋላ ዛጎሉ ካርታው ጥግ ላይ፣ ደሴት በሌለበት ባዶ ባሕር ላይ ሁለት ቀን ተቀመጠ። ጉዞውን ሊሰርዘው ነው ብዬ አሰብኩ። ሐሙስ ቁርስ ላይ ዛጎሉን አነሳ፤ ጥቂት በጣቱ ሲያገላብጠው ቆየና ጠጠር ድልድይ ላይ አስቀመጠው። ጠጠር ድልድይ ላይ!

“ለጉልበትሽ ብዬ ነው” አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ጉልበቴ ምንም አልሆነም። ሳምንቱን ሙሉ የብሉቤሪ ፍሬ ስለቅም ተንበርክኬ ነው የዋልኩት። “የትኛው ጉልበቴ?” ልል አፌን ከፍቼ ጣቱን ዛጎሉ ላይ አየሁት። ጥፍሩ እስኪነጣ ተጭኖታል።

“እግዜር ይስጥህ” አልኩት። “እኔስ እንዴት ልንገርህ እያልኩ ስጨነቅ ነበር።”

“አንቺም እንድትመጪ ነው። ካያክ ውስጥ ጉልበትሽ አይታጠፍም። እኔና ሄስተር በባሕር ዞረን እንገባለን፣ አንቺ ባሕሩ ሲጎድል ምግቡን ይዘሽ በጠጠሩ ትሻገሪያለሽ።”

“ግቢ ነው ስትል አልነበር?”

“እንግዲህ ግቢያችን ነው” አለና ዳቦውን ቅቤ ቀባ።

ስለዚህ በስልሳ ስምንት ዓመቴ መሬት ላይ ልተኛ ነው። ድንኳን፣ ትንኝና የቀዘቀዘ ቡና እንደምጠላ ታውቂያለሽ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት “እናንተ ሂዱ” እያልኩ አምልጫለሁ። አሁን ግን እግሬን ቢቆርጡኝ አልቀርም። መንገዱ ዳርቻውን ተጠግቶ ስለሚያዞራችሁ ነፋስ አያገኛችሁም፤ ትከሻው እምቢ ቢለው ደግሞ ካያኩን እዚያው አስራችሁ በእግር ትመለሳላችሁ። እሱም ይህን ሁሉ አስቦበታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ትናንት ደብተሯን ገለጥ አድርጌ አየሁ። አንቺ በምትመጪበት ሳምንት ገጽ ላይ፣ በእያንዳንዱ ቀን ጎን በቀይ እርሳስ “አንድ ጨምር” ብሎ ጽፏል። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አሥር ላይ ሁለት ጊዜ። ደብዳቤሽም እዚያው ገጽ መሀል ናት።

አደራሽን፣ ሰዓቱን አንቺም በልብሽ አስቢው፣ በአፍሽ ግን አትናገሪ። ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ቅዘፊ። ስለ ውጪኛዋ ደሴት ከጠየቀሽ “እዚያማ እማዬ አትችልም” በዪው። የዝናብና ወፍራም ልብስ አምጪ፣ ምግቡን እኔ እይዛለሁ።

ትናንት ደረጃውን ስወርድ ለልምምድ በግራ እግሬ አነከስኩ። ዛሬ በቀኙ። አባትሽ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ፣ “ትናንት ግራው አልነበረም እንዴ?” አለኝ። “ይዛወራል” አልኩት። ጋዜጣውን መልሶ ፊቱ ላይ አደረገው፤ ትከሻው ግን፣ ደህነኛውም ታማሚውም፣ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ።

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ የሚያመጣሽ አውሮፕላን ነፋሱ ከኋላው ይሁንለት። ያወጣሽ ባሕር በሰላም ይመልስሽ፤ እኛንም እስክትደርሺ በጤና ያቆየን። ስትመጪ ገና በሩ ላይ፣ ሳትስሚኝ በፊት፣ “እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?” በዪኝ። ጮክ ብለሽ፣ እሱ እንዲሰማ።

የምትወድሽ
እናትሽ ዩኒስ

ጨምሬ፦ አባትሽ አሁን ገብቶ ለማን እንደምጽፍ ሳይጠይቀኝ፣ “ቀኙ ነው በያት፣ እንዳትሳሳት” ብሎኝ ወጣ። ቀኙ ነው።