ጥቁር ጃኬት፣ ሰማያዊ ሱሪ

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ መስኮቴ ላይ እያለች

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጣዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ሥራው እንዴት ይዞሻል? ቁርስ ሳትበዪ እየሮጥሽ እንደምትወጪ ስለማውቅ ስለ ምግብ አልጠይቅሽም፤ ብጠይቅሽም ትዋሺኛለሽ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ሁሉ ወረቀት ስታዪ ኑዛዜ የላክሁልሽ እንዳይመስልሽ። ፊደሌ ገዝፎ ነው። በወፍራም ማርከር ስለምጽፍ አንድ ገጽ አራት አምስት መስመር ብቻ ይይዝልኛል፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ደውዬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ወኔ እየከዳኝ ስለ ዝናቡ አውርቼ እዘጋዋለሁ። የጎረቤቴ የፀጉር ሠሪዋ ወንድም ሹፌር አይደል፣ ነገ ወደ እናንተ ከተማ ስለሚነዳ ይህን ለሱ እሰጠዋለሁ። ቅዳሜ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት የግድ መድረስ አለበት።

በሚቀለኝ ልጀምር። የቢሮሽ ልጆች «ጊዜ የለንም፣ ምን እንደምንገዛ እናትሽን ጠይቂልን» ብለውሽ የለ? እንዲህ በያቸው። ርቧችሁ ልብስ ልትገዙ አትግቡ፤ የራበው ሰው ያገኘውን ይዞ ይወጣል። ለነገ የሚለበስ ልብስ ዛሬ አይገዛም። ቀሚስ ስትለኩ መስታወት ፊት ቆሞ መዞር ብቻ አይበቃም፤ ቢሮ የምትውሉት ተቀምጣችሁ ነውና ቁጭ በሉበት። እጃችሁንም ወደ ላይ አንሱ፣ ከመደርደሪያ ፋይል ስታወርዱ ሆዳችሁ ለአለቃ እንዳይታይ። ጨርቁን በጡጫችሁ ጨብጣችሁ ልቀቁት፤ እንደተጨማደደ ከቀረ ለመተኮስ ጊዜ ያላት ሴት ትግዛው። «ስከሳ እለብሰዋለሁ» ብሎ መግዛት ደግሞ አይሠራም። እኔ ሱቅ ውስጥ ያረጀሁት እንዲህ የሚሉ ሴቶችን እየሸኘሁ ነው፣ ከስታ የተመለሰች አላየሁም።

ጥቁርና ጥቁር የሚመስል ሰማያዊ ደግሞ በሱቅ መብራት አይለይም። ይዛችሁት እስከ በሩ ውጡና በፀሐይ እዩት። ይህችን ከጻፍኩ እንግዲህ ማምለጫ የለኝም፣ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ሚጣዬ፣ ጃኬቱን ሻጯ አልቀየረችብሽም። ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም።

ፈጽሞ ታውሯል ማለቴ አይደለም። መስኮትና ግድግዳ እለያለሁ፣ ሰው ሲመጣ ጥላውን አያለሁ። ከዚያ በላይ ግን ሁሉም ነገር በእንፋሎት የተሸፈነ መስታወት ሆኖብኛል። ከልብስ መለኪያ ክፍል ፎቶ እየላክሽ «እማ፣ የቱን ልውሰድ?» ስትዪኝ የመረጥኩልሽ ሁሉ የፀጉር ሠሪዋ ምርጫ ነው። ስልኬ ድምፅ ሲያሰማ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ እሷ ጋ እሄድና «ምን ይታይሻል?» እላታለሁ። «አረንጓዴ ሸሚዝ፣ ትከሻው የወረደ» ትለኛለች። እኔ ደውዬ «ትከሻው ወርዷል፣ መልሺው» እልሻለሁ። አንቺ «ወይ ያንቺ ዓይን!» ስትዪ እኔ ምስጋናውን ተቀብዬ እዘጋለሁ። እሷ እንኳ «ንገሪያት እንጂ፣ ምን ነካሽ» ብላ ብላ ሰልችቷታል።

ጃኬቱን የገዛሽ ዕለት ግን ፀጉር ሠሪዋ ሙሽራ ይዛ ስለነበር በሯን ዘግታለች። አንቺ ደግሞ ከምሳ ሰዓትሽ ላይ ሰርቀሽ ነው የገባሽው፤ «እማ ቶሎ በይ፣ ሰዓቴ አለቀ፣ ጃኬቱና ሱሪው ከተለያየ መስቀያ ነው የተወሰዱት፣ ቀለማቸው አንድ ነው ወይ?» አልሽኝ። ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ ባይ ሁለት የጠቆረ ነገር ነው። «አልታየኝም» ማለት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን «አንድ ጨርቅ ነው፣ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ውሰጂው» አልኩሽ።

ከኋላሽ የሻጯን ድምፅ ሰምቻለሁ። አንቺ በጥድፊያ ላይ ስለነበርሽ ረስተሽዋል፣ አልፈርድብሽም። «እህቴ፣ ወደ በሩ ወጣ ብለሽ በፀሐይ ብታዪው ይሻላል» አለችሽ። «እናቴ አይታዋለች፣ የሷ ዓይን አይስትም» ብለሽ መለስሽላት። የማፍረውን ሁሉ ልንገርሽ ካልኩ አይቀር፣ ያኔ ደስ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ዓይኔ አይስትም መባሉን እያጣጣምኩ ቁጭ አልኩ።

እሁድ እያለቀስሽ ደወልሽ። ስንት ወር የለፋሽበትን ጥናት ልታቀርቢ ስትቆሚ አዳራሹ መስኮት በመስኮት ሆኖ፣ ከላይ ጥቁር ከታች ሰማያዊ ለብሰሽ መታየትሽን፣ ኃላፊዋ «መብራት ጠፍቶ ነው የለበስሽው?» ስትል ሁሉም መሳቁን፣ ከዚያ በኋላ የምትናገሪው ሁሉ እንደጠፋብሽ ነገርሽኝ። ቀጠል አድርገሽ «ያቺ ሻጭ ስትጠቀልልልኝ ቀይራብኛለች፤ የሱቁ ባለቤት ቅዳሜ ነይና ፊት ለፊት እናውጣው፣ እውነት ከሆነ አባርራታለሁ ብሎኛል» አልሽኝ። እኔስ ምን አልኩ? «እንደሷ ያሉትን አውቃቸዋለሁ፣ እንዳትለቂያት!»

አፌን በቆረጠው! ዕድሜዬን በሙሉ ሻጭ ሆኜ የኖርኩ ሴትዮ! የሻጭ ቃል ከገዢ ቃል ፊት ምን ያህል እንደሚቀል እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል? መልኳን የማላውቃትን የሰው ልጅ፣ እኔ የማስተምረውን ምክር በመናገሯ፣ እንጀራዋን ላስዘጋባት ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፣ የኔው ደግሞ ወለምታ እንኳ አይደለም፣ አውቄ ነው ያልኩት። አላይም ከማለት ሰው ማስከሰስ ቀለለኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ ሂጂ፣ ግን ለክስ እንዳይሆን። ባለቤቱ ባለበት ይቅርታ ጠይቂያት። ስሟ የጎደፈው በሱ ፊት ስለሆነ ለብቻዋ ጆሮዋ ላይ ብታንሾካሹኪላት አይጠቅማትም። «ልጅቷ በፀሐይ እዪው ብላኛለች፣ ጥፋቱ የእናቴ ነው፣ እናቴ አታይም» በይ። ለኔ ክብር ብለሽ እንዳታለባብሺው፣ አደራ። አንቺም ተቆጪኝ፣ ይገባኛል። የፈለግሽውን ያህል አኩርፊኝ፣ ብቻ ከቅዳሜ በኋላ ይሁን።

ስለ ዓይኔ አትጨነቂ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይነሳል ብሎኛል። ቀጠሮ ሰጥቶኝ የቀረሁት ፈርቼ ነው። ደግሞ ብነግርሽ ሥራሽን ጥለሽ ትመጪያለሽ ብዬ ሰጋሁ። አሁን ግን የሚቀጥለው ሰኞ እገባለሁ፤ ፀጉር ሠሪዋ ሱቋን ዘግታ እወስድሻለሁ ብላለች። አንቺ እንዳትመጪ። ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ ፈቃድ ስትጠይቂ ኃላፊዋ ምን ትላለች? መንገዱም ሩቅ ነው። የጠዋቱ አውቶቡስ አሁን በቀጥታ እንደሚመጣ፣ መሃል ላይ መቀየር እንደቀረ ሹፌሩ ነግሮኛል፣ ቢሆንም አትድከሚ። አልጋሽን ያነጠፍኩት አቧራ እንዳይዘው ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አፍ ይሰውርሽ፣ የኔንም አፍ ጨምሮ። ሥራሽን ይባርክልሽ፣ ዳግመኛ ስትቆሚ ሰው ሁሉ ልብስሽን ትቶ ቃልሽን የሚሰማ ይሁን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላልና በኔ የጠፋው ስምም ይጥራልኝ።

ድንገት መምጣትሽ ካልቀረ ግን፣ በሩን አንኳኩተሽ ዝም አትበይ። ባለፈው ስትመጪ በሩን ከፍቼ «ማንን ፈልገሽ ነው?» ስልሽ፣ እማ ደግሞ ቀልዷ ብለሽ ስቀሽ አቀፍሽኝ። ቀልድ አልነበረም ሚጣዬ። አንቺ መሆንሽን ያወቅኩት ስትስቂ ነው። አሁን ከውጭ ሆነሽ «እማ» በይኝ፣ ከዚያ እከፍታለሁ።

በአንቺ ሳይሆን በራሷ የምታፍር፣
እናትሽ