የድንቡሼ ሆድ

ድንቡሼ፣ ሰላም ነው?

ፖስት ካርዱ ላይ የምታየው የጭቃ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ባለቤቱ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ግድግዳውን እየመረጉ አገኘኋቸው። "ይሄ የእህቴ እጅ ነው፣ ይሄ ደግሞ የዚያ የሟቹ አናጢ" እያሉ የጣት ዱካውን አሳዩኝ። እኔም ላለመበለጥ የእኛን ቤት ፎቶ ከስልኬ አወጣሁላቸው። ምን ዋጋ አለው፣ ዓይናቸው በቀጥታ የሄደው "የድንቡሼ ሆድ" ላይ ነው፤ በልጅነትህ ልታግዘን መጥተህ ጭቃ ከምረህ ያሳበጥከው ግድግዳ ላይ። እፍረት ያዘኝ።

"ማን ነው የመረገው?" አሉ።

"የጎረቤት ልጅ ነው። ቤተኛችን ነው።"

እጃቸውን ከጭቃው አወጡና ፎቶውን ደግመው አዩት። "እንግዲያው ቤታችሁ ሰው አለው" አሉኝ። እንደዚያች ሰዓት ደረቴን ነፍቼ አላውቅም።

ስለዚህ ለጉዞ ስነሳ "ጠርበህ አውጣውና በሲሚንቶ ለስነው" ያልኩህን እርሳው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሲሚንቶውን ለጓሯችን የውሃ ጉድጓድ ክዳን አድርገው።

ቦታ አለቀብኝ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ነው የምጽፈው። እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ሆድህን ግን እንዳትነካብኝ።