የቨርሊን ዓሣ

ወንድም ክሊተስ፣

ለቤተ ክርስቲያናችን የዓሣ ግብዣ በየዓመቱ ያመጣሁትን ክራፒ የሚባል ዓሣ ሁሉ ያጠመደችው ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ቨርሊን ነበረች፤ እኔ የተሸከምኩት ባልዲውንና ምስጋናውን ነው። ዘንድሮ እንዳልጋለጥ ሚሲሲፒ ድረስ መጥቼ፣ ዶይል የሚባል አጥማጅ ጀልባው ላይ እያስተማረኝ ነው። እሷ ወንዛችን ዳር በአንድ ሸምበቆ የምትይዘውን ዓሣ፣ እኛ ስምንት ዘንግ እንደ ሸረሪት እግር ዘርግተን በዝግታ እየነዳን እናሳድደዋለን። ቸኩዬ ሞተሩን ባፈጥነው ስምንቱም ክር ተተበተበ።

«ዲያቆን፣ እስከ ዛሬ ያጠመድከው በጸሎት ነው እንዴ?» አለኝ ዶይል ክሩን እየፈታ።

«በሚስቴ ነው» አልኩት። እሱ ሳቀ፣ እኔን ግን ቀለለኝ።

ለባለቤትህ ለሜቪስ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ይህን ፖስታ ውስጥ ላሽገው አስቤ ነበር፤ ግን የፖስታ ቤቷ እትዬ ኦዴል ካንተ ቀድመው አንብበው ወሬውን ለምእመኑ እንዲያዳርሱልኝ ብዬ ገላጣ ፖስት ካርድ ላይ ጻፍኩት።

ሆባርት