ግድግዳ ለግድግዳ ስንለማመድ

ውድ ሰብሪን፣

ጤና ይስጥልኝ። መልእክትሽ ደርሶኛል። ወደ ስፋክስ ከተማ ለምትሄዱበት የሙዚቃ ጉዞ ሁለተኛ ከበሮ መቺ ሆኜ ከጎንሽ እንድቀመጥ ጠይቀሽኛል፤ መልሱንም እስከ ሐሙስ ትፈልጊዋለሽ። ለአለቃችሁ ለሲት ዱርያም "ከራውያ ሌላ ማንንም አላምንም" ብለሻታል አሉ። ይህን ስሰማ መደሰት ሲገባኝ አፈርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ወንበር ነው፤ "እሺ" ብል ያልቃል። ግን እሺ ከማለቴ በፊት ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ። ካወቅሽው በኋላ ወንበሩን ብትነፍጊኝ አልፈርድብሽም።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጉንፋንሽ አውርተን ተሰነባበትን። በወረቀት ይሻለኛል፣ ፊትሽን አላይም።

በቃ ልናገረው፦ እቀናብሻለሁ። እንደ ቀልድ "አቤት ስቀናብሽ!" እንደሚባለው አይደለም። አንጀቴ እስኪያር ነው የምቀናብሽ። የጀመረኝም አስተማሪያችን ኡስታ ዘይነሁም ከበሮ በሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ጎን ለጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠን ስንማር ነው። አንቺን ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ "አላህ ይህችን እጅ ይጠብቃት" ይላል። እኔን ሲሰማ ዓይኑን ያፈጣል። "ራውያ፣ ቀስ! ምን ያስሮጥሻል? ትራሙ እንደሆነ አላመለጠሽም!" አንድ ወር ሙሉ ቆጥሬአለሁ፤ እጅሽን አሥራ አንድ ጊዜ መረቀ። የእኔን አንድ ጊዜ ነው የመረቀው፣ እሱንም ዓሣ ሳጸዳ ቢላ ቆርጦኝ እጄ በጨርቅ ታስሮ ስላየው ነው።

ደግሞ ዕድሌ ሆኖ ጎረቤቴ ነበርሽ። የእኔ መኝታ ቤትና የእናንተ ሳሎን የሚጋሩት አንድ ግድግዳ፣ እሱም ስስ። አባትሽ ሲያስነጥስ እኔ "ይርሐምከላህ" እላለሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ ከበሮሽን ታነሻለሽ፤ እኔም አነሳለሁ። የልምምድ ፕሮግራሜ ይኸው ነበር፣ ሌላ አልነበረኝም። ስትጀምሪ እጀምራለሁ፣ ስታፈጥኚ አፈጥናለሁ፣ ስታቆሚ ሩብ ሰዓት እጨምርበታለሁ። እናትሽ "ሰብሪን፣ ያቺ ልጅ ልትፎካከርሽ ነው እንዴ?" ስትል አንቺ ከት ብለሽ ስትስቂ ይሰማኛል። አንዳንዴም ምትሽን ቆም አድርገሽ ትጠብቂኛለሽ፣ እኔ ስመልስልሽ ትቀጥያለሽ። ጨዋታ መስሎሽ ነበር። ለእኔ ግን ጦርነት ነበር፣ ሰብሪን።

ከዚያ ሲት ዱርያ ለሙዚቃ ቡድኗ ከበሮ መቺ እንደምትፈልግ ተሰማ። ወንበሩ አንድ፣ ፈተናው ከሦስት ወር በኋላ። አንቺ እየሮጥሽ መጥተሽ በሬን ደበደብሽ። "ሁለታችንም እንፈተን! ማናችንም ብናልፍ ያው ነው!" አልሽኝ። ያው ነው! እኔ ፈገግ አልኩልሽ፣ ውስጤ ግን እርር ድብን አለ፤ ማን እንደምታልፍ ሁለታችንም እናውቅ ነበርና።

በዚያው ሳምንት የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ፣ መሐንዲስ ሐልሚ፣ በሩ ስር ያልተፈረመበት ወረቀት አገኘ። "አፓርታማ ስምንት ውስጥ በየቀኑ የሚመታው ከበሮ ዕረፍት ነሳን" ይላል። ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

"አንቺስ ራስሽ ከበሮ እየመታሽ?" እንደምትይ አውቃለሁ። አስቤበታለሁ፣ አትጠራጠሪ። እኔ ወደብ ላይ የአጎቴ የዓሣ መረብ መጋዘን ነበረኝ፤ እዚያ ከበሮ አይደለም መድፍ ብተኩስ የሚሰማኝ የለም። አንቺ ከዚያች ሳሎን በስተቀር መድረሻ እንደሌለሽ ደህና አድርጌ አውቅ ነበር።

ሐልሚ ደረጃው ላይ ቆሞ ከእንግዲህ የከበሮ ድምፅ ከቤት ወጥቶ እንዳይሰማ ሲል አወጀ። አንቺ እያለቀስሽ እኔ ዘንድ መጣሽ። ሻይ በናና አፈላሁልሽ፣ እንባሽን በመሐረቤ ጠረግኩልሽ። "ሐጃ ኢንሳፍ ናት! ከሷ ሌላ ማን ይሆናል?" አልሽኝ። ምስኪኗ ሐጃ ኢንሳፍ ምድር ቤት ተቀምጣ በዓሣው ጥብስ ሽታ፣ በሊፍቱ፣ በልጆቹ ኳስ፣ በሁሉም ላይ ስለምትጮህ ነው የጠረጠርሻት። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? "ማን ያውቃል፣ የሷ ነገር" አልኩሽ። ከወረቀቱ ይልቅ ይህቺ ቃል ናት እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ።

ከዚያ በኋላ መጋዘን ውስጥ በቀን ሁለት ሰዓት እንደ እብድ ደበደብኩ። ሁሉንም በፍጥነት፣ ሁሉንም በጩኸት፤ መረብ የሚጠግኑት ሽማግሌዎች ጥጥ ጆሯቸው ውስጥ ወትፈው ይሠሩ ጀመር። ማታ ቤቴ ገብቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። ዝም። ልቤ ቅቤ ጠጣ! አንዳንዴ ብቻ ቀጭን ነገር ይሰማኛል፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። "አሃ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተጎልታ ሱፍ ትፈለፍላለች" አልኩ። "ተስፋ ቆርጣለች።" ሦስት ወር ሙሉ ሱፍ ስትፈለፍይ ሰማሁ፣ ሦስት ወር ሙሉ በሰላም ተኛሁ።

የፈተናውን ቀን መቼም አትረሺውም። መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። ሲት ዱርያ የምትደረድረውን ዑዷን እንደታቀፈች "የማስሙዲን ምት ምቺ፣ ቀስ ያለውን። ማስዋቢያ አልፈልግም። ዓሹር ዘፍኖ እስኪጨርስ ያዢለት፣ ሌላ ምንም" አለችኝ። ምንም! እኔ ሌላውን ሁሉ ነበር የተለማመድኩት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጣቶቼ ጥለውት ነጎዱ። ዘፋኙ ዓሹር መዝፈኑን አቁሞ፣ ሽበቱን እያከከ፣ "እህቴ፣ ወዴት ነው የምንሄደው? ንገሪኝና እኔም ጫማዬን ላጥልቅ" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ነበር፤ ስትስቂ ልይዝሽ ዞር አልኩ። አልሳቅሽም። ብትስቂ ይሻለኝ ነበር።

ቀጥለሽ ገባሽ። ያንኑ ማስሙዲ መታሽ፣ ያንኑ ቀስ ያለውን። ጥግ ላይ ሻይ የሚያማስለው ሰውዬ ማንኪያው እንዳይሰማ ማማሰሉን ሲያቆም አየሁት። ዓሹር ዘፈኑን ጨርሶ አላቆመም፣ ከመጀመሪያው ደገመው።

ስንመለስ ትራም ውስጥ አላስችል አለኝ። "እንዴት ነው የተለማመድሽው?" አልኩሽ።

"ወላሂ ያ ክስ ነው የጠቀመኝ!" አልሽ። "ሻርፔን አራት አጥፌ ከበሮው ላይ አነጥፋለሁ፣ እንዳይሰማ። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ግራ እጄ ብቻዋን። እሷ ናት ሰነፏ። ከዚያ እጄን አጣጥፌ በአፌ ዱም፣ ታክ እላለሁ፤ በአፌ ያልተስተካከለልኝን በእጄ አልነካም። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ እንቅልፍ እስኪመጣብኝ ቀስ ብዬ እመታለሁ። ስሳሳት ወደ መጀመሪያው አልመለስም፣ የተሳሳትኩባትን ቦታ ብቻ ሰባት ጊዜ። መጨረሻ ላይ አንድ ዘፈን ከቴፕ ጋር፣ ለራሴ ደስታ። አንድ ሰዓትም አይሞላም። አርብ አርብ አልነካውም።"

"ጮክ አድርገሽስ መቼ ትመቺያለሽ?"

"ሰኞ ሰኞ ባሕሩ ዳር ድንጋዩ ላይ። ማዕበሉ እየጮኸ ምቴን ከሰማሁት ይበቃኛል።"

ሱፍ ነበር ያልኩት፣ ሰብሪን! ከግድግዳው የሰረቅኩሽ ድሮም የሚሰማውን ብቻ ነበር። የማይሰማውን ደግሞ በገዛ እጄ ጽፌ ሰጠሁሽ። ያ ወረቀት ባይኖር አንቺም እንደኔ እየጋለብሽ ትቀሪ ነበር። ምቀኝነቴ እንኳ ላንቺ ሠራልሽ።

ከዓመት በኋላ ሬዲዮ ላይ ቀረብሽ። "ማንን ታመሰግኛለሽ?" ሲሉሽ "በከበሮዬ የከሰሰችኝን ጎረቤቴን" አልሽ። ሕንፃው በሙሉ ሐጃ ኢንሳፍን እንኳን ደስ ያለሽ አላት። በየዒዱ ባስቡሳ የሚባለውን ጣፋጭ በትሪ ትልኪላት ጀመር። እኔ ደረጃ ላይ ትሪው ሲያልፍ እያየሁ... ሳቂብኝ፣ ይገባኛል፣ በዚያም ቀናሁ። ክፋቱን የሠራሁት እኔ፣ ባስቡሳውን የምትበላው እሷ! ሰው ለክፋቱ ምስጋና ሲቀማ ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ።

አንቺ አግብተሽ ከሕንፃው ከወጣሽ በኋላ፣ ትራም ላይ የነገርሽኝን ልምምድ አንድም ሳልቀንስ ያዝኩት። ግራ እጅ፣ አፍ፣ ቀስታ፣ ሰባት ጊዜ፣ አርብ ዕረፍት። የመጀመሪያው ወር ሲኦል ነበር። መጋዘን ያሉት ሽማግሌዎች "ራውያ ታመመች እንዴ?" ብለው አጎቴን ጠየቁት። ዘንድሮ የአክስትሽ ልጅ ሠርግ ላይ ስመታ ሰምተሽ "ይህ እጅ ከየት መጣ?" ያልሽኝ፣ እንግዲህ ካንቺው ነው የመጣው። አሁን ሁሉንም አውቀሻል።

እስከዚህ የጻፍኩት ማክሰኞ ነው። ደብዳቤውን ላሽገው ስል ሐጃ ኢንሳፍ ትዝ አለችኝ። ላንቺ ነግሬ ለሷ ሳልነግራት መቅረት ነውር ሆነብኝ። ዛሬ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ወረድኩ። በሯ ላይ ተቀምጣ ለወጥ የሚሆን የሙሉኺያ ቅጠል ትቀነጥሳለች።

"ሐጃ፣ ያንን የሰብሪንን ክስ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳት፣ እንደቆምኩ።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "አውቃለሁ። ቁጭ በይና ቀንጥሺ።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"እኔ ክስ ሲኖረኝ ደረጃ ላይ ቆሜ እጮኻለሁ፤ ወረቀት በር ስር የምሸጉጥ ሌባ ነኝ? ደግሞ ወረቀቱ ምን ይላል መሰለሽ? 'በተለይ የግራ እጇ ምት ያልተስተካከለ በመሆኑ ራስ ያዞራል።' አንቺ ልጅ፣ የትኛው ጎረቤት ነው ግራ እጅን ከቀኝ ለይቶ የሚሰማው? ሰው 'ጫጫታ' ይላል፣ አለቀ!"

እንዲያ ብዬ መጻፌን ረስቼው ነበር። ተናድጄ ስጽፍ እንኳ እጅሽን ሳላርም ማለፍ አቃተኝ።

"ወረቀቱን ማን አነበበልሽ?"

"ሐልሚ ነዋ። ክሱ በመጣ በሳምንቱ ሰብሪን እዚህ በሬ ላይ መጥታ ስትጮህብኝ ወረቀቱን አምጥቶ ለሁለታችንም አነበበው፣ ሊገላግለን ብሎ። ግራ እጇ ጋ ሲደርስ ልጅቷ ዓይኗን ወደ ላይ፣ ወደ ቤትሽ አነሳች። ከዚያ እጄን ሳመችና 'ሐጃ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ፤ ለማንም እንዳትናገሪ' አለችኝ። ባስቡሳው የምስጋና መስሎሽ ነው? የካሣ ነው፤ ተይ ብላት እንቢ አለችኝ። እኔም ጣፋጭ እወዳለሁ።"

ሙሉኺያውን እስኪያልቅ ቀነጠስኩላት፤ ዓይኔ ግን ቅጠሉን አያይም ነበር።

ስለዚህ ታውቂያለሽ። ፈተናው ሳይደርስ ታውቂ ነበር። በር ላይ ቆመሽ ሳትስቂብኝ፣ ትራም ላይ አንድ በአንድ ስታስተምሪኝ፣ ሬዲዮ ላይ ስታመሰግኚ፣ አጠገቤ ሁኚ ብለሽ ስትልኪብኝ፣ ሁሉንም እያወቅሽ ነው። አንድ ቀን እንኳ ቃል አላወጣሽም። እኔ እኮ አንቺን ብሆን ሕንፃውን አቃጥለው ነበር።

ደብዳቤውን ልቀደው አስቤ ነበር፣ የምታውቂውን ምን ልንገርሽ ብዬ። ግን አንቺ ማወቅሽ እኔን ከመናገር አያድነኝም። በደልኩሽ፣ ሰብሪን። እያለቀስሽ ሻይ ሳጠጣሽ በደልኩሽ፣ ሐጃን ስትጠረጥሪ ዝም ብዬ ሳይሽ በደልኩሽ። ይቅር በዪኝ።

መልሴ እሺ ነው። ስፋክስ እመጣለሁ። ከጎንሽ ተቀምጬም ሰው ሲያጨበጭብ ማንን እያየ እንደሆነ መሰለሌ አይቀርም፤ እወቂኝ። ምትሽን ግን አልረብሽም፣ ቃሌ ነው። አንድ ነገር ብቻ አናዶኛል፤ ከትናንት ጀምሮ ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት ስፈልግ፣ አንቺ ይቅር ብለሽኝ ከጨረስሽ ስድስት ዓመት ሆኖሻል። በዚህም በለጥሽኝ።

አሁንም የምትቀናብሽ እህትሽ፣
ራውያ