ሁሉም ነገር ሁለት፣ ነቃዩ ግን አንድ

ይድረስ ለምወድሽና ለምፈራሽ እህቴ ለርሆቦት፣ ዲላ።

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እንዴት ነሽ? ያ የሚያስጮህሽ ጥርስ ተነቀለ ወይስ አሁንም ቤቱን ታናውጪዋለሽ? የእማዬ ጉልበትስ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ብቻ ጆሮዬን ሊቆርጠው ነው። ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ ሳልጨርስ ስለምትዘጊብኝ ነው። ወረቀት አይዘጋም።

የምሠራበት የዶክተር ኩልሱም ክሊኒክ ሁለት ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ወሰን ሰፈር፣ ሌላው ቀበና ነው። የበሽተኛው ካርድ ሁሉ ወሰን ባለው ሰርቨር ውስጥ ስለሆነ፣ እሱ ሲተኛ ቀበናም አብሮ ይተኛል። አለቃዬ ጋሽ ፍሥሐ ሁሉንም ነገር ሁለት አደረገው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን የሚቀበል ሁለት ሰርቨር፣ በሁለት አቅጣጫ የሚመጣ ሁለት የኔትወርክ መስመር። የእኔ ሥራ ምን መሰለሽ? መንቀል። ጠዋት እገባና ደስ ያለኝን ገመድ እነቅላለሁ። ቀበና ያሉት ነርሶች ካወቁብን ሥራችን ገና ነው ማለት ነው። የአባዬን ሬዲዮ እየነቀልኩ የተገረፍኩበት ነገር እዚህ ደመወዝ ይከፈልበታል።

መጀመሪያ ላይ ግን ጉድ ሠራሁ። ሁለቱን መስመር ከበሩ እስከ ሰርቨሩ ክፍል ስዘረጋ፣ ሁለት ምሰሶ መትከል ሰነፍኩና አንድ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ አብሬ አሰርኳቸው። ለግቢው ግንባታ ከእንጦጦ እንጨት ጭኖ የመጣ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲል ምሰሶዬን ገነደሰው። ሁለቱም ባንዴ ጭጭ። ቀበና አንዲት እናት፣ የልጇ መድኃኒት የትኛው እንደሆነ እስኪታወቅ ታቅፋው ስትጠብቅ ቆየች። ልጁ ደህና ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን አልቀለድኩም። ጋሽ ፍሥሐ አልተቆጣም፤ “ሁለት ያልካቸው በአንድ እግር ነው የቆሙት” አለኝ። አንዱን መስመር በጓሮ አዞርኩት፤ የሁለቱን ሰርቨር መብራትም ለየሁት።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ራሳቸው ቀበና ተቀምጠው ካርድ እየከፈቱ፣ እኛ ወሰን ሆነን አንዱን ሰርቨርና አንዱን መስመር ነቀልን። ትንሽ ቆይተው ደወሉና “ኧረ መቼ ነው የምትነቅሉት? በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው” አሉ። “ነቅለን ሻይም ጠጥተን ጨረስን” አልኳቸው።

ቋሚ ሆንኩ ብዬ ደረቴን ስነፋ ዶክተር ወደ ወሰን መጡና፣ “ሁሉም ሁለት ነው፤ ይሄ ልጅ ግን አንድ ነው። ቢታመምስ?” አሉ። ሁለተኛ ሰው ካልተገኘ ሥራውን ለሌላ ድርጅት ሰጥተው እኔን እንደሚያሰናብቱ ነገሩን። እኔም ሳላማክርሽ ስምሽን ሰጠሁ። “እህት አለችኝ፤ ኔትወርክ በዲፕሎማ ተምራ ዲላ የሰው ስልክ ትጠግናለች። ከኔ የምትለየው የነቀለችውን መልሳ በመሰካቷ ነው” አልኳቸው። ሳቁና “ትምጣና ትፈተን” አሉ።

እንግዲህ የእኔ እንጀራ በአንቺ እጅ ነው። “ካንተ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አልኖርም” ብለሽ መማልሽን አልረሳሁም። ቀበና፣ የቸርቻችን እህት አፀደ ጋር ክፍል ይዤልሻለሁ። አንቺ ቀበና፣ እኔ ወሰን። ተምሬያለሁ፤ ሁለታችንን አንድ ምሰሶ ላይ አላስርም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባዬን ሬዲዮው ይሠራል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ፤ ከሳቀ ይቅር ብሎኛል። ትንሿን እህታችንን ሩሃማን ጆሮዋን ቆንጥጫት፣ ከእኔ ነው በያት። ስትመጪ ደግሞ የስልክሽን ቻርጀር ደብቂው፤ እጄን ገና አላመንኩትም።

ነቃዩ ወንድምሽ ፊልሞና
ወሰን፣ የካ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 2003 ዓ.ም.